ውዝፍ ጌም፣ እንቅልፍ እና ሰው የጠላቸው ጌሞች

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን፣ ጠያቂውን አስፈቅጄ፣ ላካፍላችሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ አካውንቴ ላይ ከመቶ በላይ ጌም አለ። እስከ መጨረሻ የተጫወትኩት አሥር እንኳ አይሞላም። ዘንድሮ ልጨርሳቸው ብዬ ሊስት አወጣሁ። አሁን ግን ማታ ማታ እንደ ሥራ ነው የምጫወተው፤ እስከ ስምንት ሰዓት እቆያለሁ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዓይኔ አይገለጥም። ሱስ ይዞኛል ማለት ነው?»

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ልገላገል፤ እኔም እጫወታለሁ። ስለዚህ «ጌም የሚባል ነገር ተዉ» የሚል ምክር ከጠበቃችሁ ዛሬ አታገኙትም። ግን በዚህ ልጅ ጥያቄ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ አንዱ ውዝፉ ነው፣ ሌላው እንቅልፉ። እሱ የፈራው የመጀመሪያውን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው።

ውዝፉ ከየት መጣ?

ሰፈር ጌም ቤት ሄደን፣ በጨዋታ እየከፈልን፣ ተራ እየጠበቅን ስንጫወት «ያልጨረስኩት ጌም» የሚባል ጭንቀት አልነበረም። ተራህ ሲያልቅ ትነሳለህ። አልነሳም ብትል ባለቤቱ ያስነሳሃል፤ እሱ ባያስነሳህ ከኋላህ ቆሞ የሚቁነጠነጠው ልጅ ያስነሳሃል። ሲመሽ ደግሞ በሩ ይዘጋል።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስቲም የተባለው የጌም መሸጫ በ2003 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጌም እንደ ዲስክ መደርደሪያ ላይ አይታይም፤ ቦታ አይዝም፣ አቧራ አይጠጣም። የቅናሽ ወቅት ሲመጣ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ኤፒክ ጌምስ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በየጊዜው ጌም በነጻ ሲያድል ኖሯል። ዶላር መክፈል የሚቸግረን እኛ እንኳ፣ ውጭ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አካውንቱን ካጋራን፣ ሳናውቀው የመቶ ጌም ባለቤት እንሆናለን።

እዚህ ላይ ስለ አንጎል ትንሽ ላውራ። ዶፓሚን «የደስታ ሆርሞን» ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ነገሩን በጣም ያቀለዋል። ዶፓሚን ደስታው ሲደርሰን ብቻ ሳይሆን፣ ሊመጣ ነው ብለን ስንጠብቅም ይሠራል። እንዲያውም መጠበቁ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ጌሙን በቅናሽ ስትገዙት «ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እጫወተዋለሁ» የሚለው ምኞት ራሱ አንድ ዙር ደስታ ይሰጣችኋል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ጌሙ መማር ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ዳውንሎዱም አላለቀም። ስለዚህ ወደለመዳችሁት ትመለሳላችሁ፤ ኳስ ጨዋታችሁን ትከፍታላችሁ። መግዛት አንድ ደስታ ነው፣ መጫወት ሌላ ደስታ። ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ ስለተሸጡልን ነው የምንደናገረው።

ታዲያ ሱስ ነው ወይ?

የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም ሕመም» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ችግር በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ መጽሐፉ ውስጥ አካቷል። ምደባው በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሦስት ነገር ይታያል። ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር ያቅተዋል። ጌሙ ከሌሎች የሕይወቱ ነገሮች ሁሉ ይቀድማል። ጉዳት እያየም ይቀጥላል፣ ወይም ያብሳል። በዚህ ላይ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ ወይም ማኅበራዊ ሕይወቱ በግልጽ የተጎዳ መሆን አለበት፤ ነገሩም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር የቆየ መሆን ይጠበቅበታል። ምልክቱ ሁሉ ተሟልቶ ሁኔታው ከባድ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል።

ልብ በሉ፣ «ስንት ጌም አለህ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። ስንት ሰዓት እንደምትጫወት እንኳ ብቻውን ምርመራውን አይወስንም። መቶ ጌም ገዝቶ አለመጫወት የጌም ሕመም አይደለም። የገንዘብ አያያዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጠያቂያችን ግን እንደ ሥራ ነው የምጫወተው ብሏል። ይቺ ቃል ቀላል አይደለችም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «የወጣ ወጪ ወጥመድ» የሚሉት ነገር አለ፤ አንዴ ብር ወይም ጊዜ ያወጣንበትን ነገር፣ ባይጠቅመንም፣ ላለመተው እንታገላለን። ምግቡ ሳይጥመን «ከፍዬበታለሁ» ብለን እንደምንጨርሰው ማለት ነው። ብሩ ግን በላነውም ተውነውም አይመለስም። በዚህ ላይ ያልተቋጨ ነገር አእምሮ ውስጥ ይንጠለጠላል የሚል የቆየ ሐሳብ አለ፤ ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1927 ያሳተመችው ጥናት ነው መነሻው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፤ እና እንደ ሕግ አትያዙት። ግን ሊስት አውጥቶ ግማሹን የሰረዘ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

በአማርኛችን «ውዝፍ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። ውዝፍ ስንል የቤት ኪራይ ነው የሚታወሰን፣ ውዝፍ ግብር ነው። አበዳሪ አለው። ለጌም ግን አበዳሪው ማነው? የዛሬ አራት ዓመት በቅናሽ የገዛኸው ጌም በርህን አያንኳኳም።

ሰው የጠላቸውን ጌሞች እንደገና ማየት

ውዝፍ ክምር ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኙ ጌሞች አሉ፤ ሲወጡ ሰውን ለሁለት የከፈሉ፣ ግማሹ ያወደሳቸው ግማሹ የረገማቸው። እኛም ጀምረን «ኤጭ!» ብለን የተውናቸው። እኔ ክምሬን ስቀንስ የጀመርኩት ከእነዚህ ነው፣ እና በሐኪም ዓይን ሳያቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጌም ሲያስጠላን ሁልጊዜ ጥፋቱ የጌሙ አይደለም። አንዳንዴ ሰውነታችን ነው የሚናገረው።

ዴዝ ስትራንዲንግን ልውሰድ። ሂዴዎ ኮጂማ በ2019 ያወጣው ጌም ነው። ብዙ ሰው «የእግር ጉዞ ጌም» ብሎ አላገጠበት። እውነትም ሳም የተባለው ገጸ ባሕርይ ሸክም ተሸክሞ ባዶ በሆነች አሜሪካ ተራራ ለተራራ ይሄዳል። ሸክሙ ሲያዘነብል በግራና በቀኝ ጣትህ ሚዛኑን ትጠብቃለህ። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ሕፃን ሲያለቅስ ድምፁ ከጆይስቲኩ ውስጥ ይወጣል፤ ጆይስቲኩን እያወዛወዝክ ታባብላለህ። መጀመሪያ የሞከርኩት ከአዳር ተረኝነት በወጣሁ ቀን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቼ ቤቴ ስገባ፣ ጆይስቲክ እጄ ላይ ሲያለቅስብኝ! ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋሁት። ከብዙ ወር በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጠግቤ ተኝቼ፣ ቡናዬን ይዤ ስከፍተው ሌላ ጌም ሆኖ አገኘሁት። ዝምታው፣ ዝናቡ፣ የማታውቀው ሰው ወንዝ ላይ የሠራልህ ድልድይ። ጌሙ ያው ነው። የያኔው ስሜቴም ትክክል ነበር፤ ያን ቀን ለደከመ አንጎል የሚሆን ጌም አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያጥራል፣ ትኩረቱ ይበታተናል፣ ከሚያስደስተው ይልቅ የሚያበሳጨው ቶሎ ይታየዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በጌም ላይ የምትሰጡት ፍርድ የጌሙን ያህል የድካማችሁም ፍርድ ነው።

ሌላው ማቅለሽለሽ ነው። «ይሄ ጌም ይከብዳል፣ ራሴን ያዞረኛል» ብላችሁ የተዋችሁት ካለ ምናልባት እንቅስቃሴ የሚያመጣው ሕመም ይሆናል። ዓይናችሁ «እየሮጥን ነው» ይላል፤ የውስጥ ጆሯችሁ ደግሞ «ኧረ ሶፋ ላይ ነን» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ስልክ ስታዩ የሚሰማችሁ ዓይነት ነው። በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል። ይህ ጌም በታሪኩ የተነሳ በዘመናችን ሰው ክፉኛ ከተጣላባቸው አንዱ ነው፤ በወጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ማንም ሊጨርሰው በማይችልበት ፍጥነት፣ በሺዎች የሚቆጠር የጥላቻ ነጥብ ዘነበበት። ሜታክሪቲክ የተባለው የነጥብ መስጫ ድረ ገጽ ከዚያ በኋላ ጌም ከወጣ 36 ሰዓት ሳይሞላው ተጠቃሚዎች ነጥብ እንዳይሰጡ አድርጓል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጥቂት ሰው ያየው ነገር ግን ጌሙ ከ60 በላይ የተደራሽነት ማስተካከያዎች ይዞ መምጣቱ ነው። የካሜራውን መንቀጥቀጥ መቀነስ፣ የምስል ብዥታውን ማጥፋት፣ ዓይን የሚያርፍበት ቋሚ ነጥብ መሐል ላይ ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ሦስቱ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ በሌሎች ጌሞችም ሴቲንግ ውስጥ ፈልጓቸው። የታሪኩን ነገር እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው አልመክረውም።

ኖ ማንስ ስካይ ሌላ መልክ ነው። በ2016 ሲወጣ ቃል የተገባው ስለጎደለው ተወገዘ፤ ሄሎ ጌምስ የተባለው አነስተኛ ድርጅት ግን በነጻ እያሻሻለ፣ በተለይ ከ2018ቱ ትልቅ ማሻሻያ ወዲህ፣ ሌላ ጌም አድርጎታል። የኔንቲንዶው ዊንድ ዌከር ደግሞ በ2001 ምስሉ ሲታይ «የሕፃን ካርቱን» ተብሎ ተሰደበ፤ ዛሬ በፍቅር ነው የሚነሳው። ጌሙ ሳይሆን ሰዉ ነው የተለወጠው።

እንደገና ማየት ማለት ግን ሁሉን መውደድ ማለት አይደለም። ሴኪሮን ከዝርዝሬ ሰርዤዋለሁ። በ2019 የወጣ ድንቅ ሥራ ነው፤ ቀለል የሚያደርግ አማራጭ ግን የለውም። ማታ አንዱን ጠላት ሃያ ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ልቤ እየመታ፣ መዳፌ እያላበ አልጋ ላይ መገላበጥ ነው። ጠዋት የሚጫወተው ሰው ይጫወተው።

ይህን ክፍል እባካችሁ ሳትዘሉ አንብቡ

ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ በተለይ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ በጣም ተበላሽቶ ስለነበር ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፤ የተመለሰው በ2021 ሰኔ ላይ ነው። በ2023 መከር ላይ ከመጣው ትልቅ ማሻሻያ በኋላ አስተያየት ሁሉ ተገለበጠ። ከብዙ ሰው ውዝፍ ውስጥ አሁን እየወጣ ያለ ጌም ነው። እኔ ላነሳው የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ጌሙ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት አስቀድማ የሞከረችው ገምጋሚ ሲጫወቱ ሳለ የሚጥል ሕመም እንደተነሳባት ጻፈች። ምክንያቱ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ቀይና ነጭ ብርሃን ያለበት ትዕይንት ነው። ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፣ ብልጭታውንም ቀየረው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የፖኪሞን ክፍል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ተመሳሳይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ነበረው፤ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል።

ሁሉም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በብርሃን አይነሳበትም። ከመቶ ሦስት ያህሉ ናቸው እንዲህ ያሉት፤ ከሌላው ዕድሜ ይልቅ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል። ችግሩ ብዙዎች ይህ እንዳለባቸው የሚያውቁት የመጀመሪያው ቀን ላይ መሆኑ ነው። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ መነሻውን ደፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ መድኃኒት መዝለልም እንዲሁ። አሁን ሥዕሉን አያይዙት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ሦስት ቀን በቅጡ ያልተኛ ወጣት፣ መብራት የጠፋበት ክፍል፣ ፊቱ ላይ የተጠጋ ትልቅ ስክሪን። አደጋ የሚጨምሩት ነገሮች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ ማለት ነው። ክፍሉን አብሩት፣ ከስክሪኑ ራቅ በሉ። ብልጭታ ሲያስቸግራችሁ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሙሉ በሙሉ ሸፍናችሁ ፊታችሁን አዙሩ፤ ሁለቱንም መጨፈን ብቻውን አይበቃም፣ ብልጭታው በዓይን ቆብ ውስጥ ያልፋልና። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ፤ ብርሃን ያነሳብኝ ይሆን ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢወድቅና ቢንቀጠቀጥስ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይደረግም። በደንብ ላስምርበት፤ ክብሪቱ መንቀጥቀጡን አያቆምም፣ ፊት ያቃጥላል፣ አየር ያሳጣል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። እጅ እግሩን አፍናችሁ አትያዙት። ሰዓት ያዙ። የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። እስኪነቃ ድረስ ውኃም ምግብም የለም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ዳግም ከተነሳበት፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል።

እንግዲህ ክምሩን እንዴት እንወጣው?

ለጠያቂያችን የመለስኩለት ይህን ነው። ሊስቱን አትቅደደው፤ ግን «መጨረስ» የሚለውን ቃል አውጣበት። አንድ ጌም ብቻ ኢንስቶል አድርግ፣ ሌላውን ከስክሪኑ ላይ አንሳ። ሁለት ሰዓት ያህል ሞክረው። ስቲም ራሱ ጌም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ፣ ብሩን ይመልሳል፤ እና ሁለት ሰዓት ለመፍረድ መጥፎ መለኪያ አይደለም። ካልጣመህ «አልተጫወትኩትም» ሳይሆን «አየሁት» ብለህ ሰርዘው። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ አወዛጋቢ የሆነ ጌም ከሆነ ደግሞ ለዕረፍት ቀን ጠዋት አቆየው።

ማቆሚያ ሰዓትህን ጆይስቲክ ከመያዝህ በፊት ወስን። በጨዋታው መሐል የሚወስነው አንተ አይደለህም፤ «አንድ ሚሽን ብቻ» የሚለው ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ከመነሻ ሰዓትህ ወደኋላ ቁጠርና ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ቀንስ፤ ማጥፊያህ ያ ነው። ጠዋት በ12 ሰዓት የምትነሳ ከሆነ ማታ አራት ሰዓት ላይ ታጠፋለህ ማለት ነው። ሚስትህን ወይም እህትህን «አስነሺኝ» በላት፤ ጌም ቤቱ ባለቤት የሚሠራውን ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ማታ ለመንቃት ብለህ ቡና አትጠጣ፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ጫት ይዘው የሚጫወቱም አሉ፤ እነሱ ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውንም ቀን ነው የሚከፍሉት።

ዓይንን በተመለከተ አጭር ነው፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይን ማርገብገብ በጣም ይቀንሳል። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ። በየሰዓቱ ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ። አውራ ጣታችሁ ሥር፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚጠዘጥዝ ሕመም ከሁለት ሳምንት ካለፈ አስመርምሩት።

ሐኪም ዘንድ መምጣት ያለባችሁስ መቼ ነው? ለማቆም ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ካቃታችሁ፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት እየቀራችሁ ከሆነ፤ ስለምትጫወቱበት ሰዓት መዋሸት ከጀመራችሁ። ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በፊት የሚያስደስታችሁ ጌም ሁሉ፣ ጓደኛም፣ ኳስም፣ ምግብም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ጣዕም ካጣባችሁ ነገሩ ከውዝፍ ጋር አይገናኝም። የድብርት ምልክት ሊሆን ይችላል። ድብርት ይታከማል። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ካለበት ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።

ጠያቂያችን ሦስቱ የጌም ሕመም ምልክቶች የሉበትም፤ ሥራውም ቤተሰቡም ደህና ነው። ለሁለት ሳምንት ማታ አራት ሰዓት ላይ እንዲያጠፋና እንቅልፉን ጽፎ እንዲልክልኝ ተስማምተናል። እናንተም ጀምራችሁ የተዋችሁትን፣ አሁን እንደገና ልታዩት የምትፈልጉትን ጌም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ብልጭታ ወይም የሚያቅለሸልሽ ካሜራ ያለበት መሆኑን የምታውቁም ንገሩን፤ ሌላው ሳይከፍተው ይወቅ።